ለሞራግ የጎደሉት ዘጠኝ ቀኖች

ፔምብሮክ፣ ቤርሙዳ
ማርች 23 ቀን 2025

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአክስቴ ለኤፊ ቢተን፤

ብርዱ ጉልበትዎን እንዳላሳመመው፣ የማገዶ እንጨቱም እስከ ፋሲካ እንደሚያደርስዎ ተስፋ እያደረግሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን ደግሞ ለብቻዬ አይደለም፤ ሁለት ሆነን ነው ደህና የሆንነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ሴት ልጅ ወለድኩ። ሞራግ ብያታለሁ። ፀጉሯ ቀይ ነው። ድምፅዋ ግን ቁርጥ የእርስዎ ነው፤ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «አልገዛም!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ስለዚህ እንደ ድሮው ጻፍኩ።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ቆይቼ በቸገረኝ ቀን መጻፌ ያሳፍረኛል። ግን ልናገረው። ሞራግ አገር የላትም። ይህች ደሴት ለእንግዳ ሠራተኛ ልጅ ዜግነት አትሰጥም፤ እዚሁ ለተወለድኩት ለእኔም አልሰጠችኝ። እኔ ካናዳዊ የሆንኩት በአባቴ ነው። የካናዳ ሕግ ደግሞ ውጭ አገር የተወለደ ካናዳዊ፣ ውጭ አገር ለወለደው ልጅ ዜግነቱን አያወርስም ይላል። እኔ ላይ አበቃ ማለት ነው። አባቷ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እዚህም የለም፤ እባክዎ አይጠይቁኝ። የሆስፒታል ሥራ ፈቃዴ በሚመጣው ዓመት ማርች 31 ያበቃል። ከዚያ ውጪ እባላለሁ። ፓስፖርት የሌላት ልጅ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አትወጣም።

አንድ ተስፋ አለ። ኦንታሪዮ ውስጥ አንድ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ ሽሮታል። አዲሱ ሕግ እስኪወጣ መንግሥት በዚህ ወር አንድ መንገድ ከፍቷል፤ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት በድምሩ አንድ ሺህ ዘጠና አምስት ቀን ካናዳ ውስጥ መኖሯን ካስረዳች፣ ለልጇ ማመልከት ትችላለች። ያን ሁሉ ቀን የኖርኩት እርስዎ ቤት ነው። ከስድስት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ አሥራ ሦስት በጋ። የአባቴ ወረቀቶችና የድሮ ፓስፖርቶቼ አውሎ ነፋሱ ጣሪያችንን በወሰደው ጊዜ አብረው ሄዱ። እርስዎ ግን የሰፈሩ ሱቅ በየዓመቱ በሚያድለው የግድግዳ ካላንደር ላይ በየቀኑ ይጽፉ ነበር። አሁንም አሉ?

አክባሪዎ ልጅዎ
ሮና

—

ማቡ፣ ኬፕ ብሬተን
ኤፕሪል 11 ቀን 2025

ለልጄ ለሮና፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሞራግንም ታሳድግልሽ። ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ዘጠኝ ወር ተሸክመሽ አንዲት መስመር አትጽፊም? እኔ ምንሽ ነኝ? ብቻ ይሁን፤ አራስ አይቆጡም። ስለ አባቷም አልጠይቅም። ጠየቅኩ እንዴ? አልጠየቅኩም።

አገር የላትም ያልሽው ግን ጭራሽ አልገባኝም። እንዴት ነው አንድ ቢተን አገር የሚያጣው? ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ያለው መቃብር ግማሹ ቢተን ነው! እነዚህ ሕግ አውጪ ነን ባዮች መጥተው ድንጋዩን ቢያነቡ ምን ነበረበት?

ካላንደሮቹ አሉ፤ የት ይሄዳሉ? ከ1974 ጀምሮ ያለው ሁሉ ጓዳው በር ጀርባ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ በአንድ ምስማር ተሰቅሏል። የጻፍኩት ግን ምን ይረባል ብለሽ ነው። ንፋሱ፣ ዝናቡ፣ ማን ሻይ ጠጣ፣ ላሟ መቼ ወለደች፣ ከባሕር ስንት ሣጥን ሎብስተር ወጣ። አንቺንም አንድ ቀን እንኳ ሮና ብዬ አልጻፍኩሽም፤ በአባትሽ ስም «የአላን» ነው ያልኩሽ። በዚህ ሰፈር አምስት ሮና ቢተን ነበራ! ሮና ብዬ ብጽፍ የትኛዋ እንደሆነች ለእኔም ይጠፋኝ ነበር። «የአላን መጣች። የአላን ከጎተራው ጣሪያ ወደቀች። የአላን አኮረፈች።» ይሄ ነው እንግዲህ ሰነዴ። ለሹሞቹ ይበቃ ይሆን?

ቢበቃም ባይበቃም እቆጥራለሁ። ደሞ ፍርድ ቤት የፓርላማን ሕግ ይሽራል ያልሽኝ እንዴት ነው? ዳኛ ማለት ላም የሰረቀን የሚቀጣ አይደለም እንዴ? ጻፊልኝ። የልጅቷንም ፎቶ ላኪ፤ ፊቷ የሚታይበትን።

አክስትሽ
ኤፊ

—

ፔምብሮክ፣ ቤርሙዳ
ሜይ 4 ቀን 2025

ለውድ አክስቴ፤

ጤናዎ እንደ ቁጣዎ የበረታ ይሁንልኝ! ደብዳቤዎን ለሞራግ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማች፤ ለእኔ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

የፍርዱ ነገር ይኸውልዎ። ያ ሕግ የወጣው በ2009 ነው። እንደ እኔ ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበው መንግሥትን ከሰሱ። አንዷ ስታረግዝ የተባለችው፣ ሥራሽን ትተሽ ካናዳ ገብተሽ ውለጂ፤ አለበለዚያ ልጅሽ አይደለም ካናዳዊ። ሐኪሟን፣ ደሞዟን፣ ባሏን ጥላ! ዳኛዋ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማችና በ2023 መጨረሻ ፈረደች። አገር ውስጥ የተወለደና ውጭ የተወለደ ብሎ ሁለት ዓይነት ዜጋ የለም፤ ሸክሙ ደግሞ በማህፀኗ የምትሸከመው ሴት ላይ ይብሳል፤ ሕገ መንግሥቱ ይህን አይፈቅድም አለች። አክስቴ፣ ፍርዱን ሙሉውን አነበብኩት። ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። ደረቅ የሕግ ወረቀት ላይ አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መንግሥትም ተሸነፍኩ አለ፤ ይግባኝ አላለም። ዳኛዋ ሕጉን እንዲያስተካክሉ ስድስት ወር ሰጠቻቸው። ስድስቱ ወር አለቀ፤ ጨመረችላቸው። እንደገና አለቀ፤ አሁንም ጨመረችላቸው። ረቂቁ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ ምርጫ ሲመጣ ሞተ። አሁን የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 20 ነው።

እኔ ያንን መጠበቅ ስለማልችል ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። የት እንደሚታይ ብነግርዎ ይስቃሉ፤ ሲድኒ! የአውስትራሊያው አይደለም፤ የእኛው ሲድኒ፣ ከደጃፍዎ የሁለት ሰዓት መንገድ። አሁን ማስረጃ አምጪ ብለው ጽፈውልኛል። «የአላን» እኔ መሆኔን ጠበቃ ፊት ቢምሉልኝ ይበቃል ይላሉ። ስንት ቀን ደረሱ?

ልጅዎ ሮና

—

ማቡ
ጁላይ 6 ቀን 2025

ለሮና፤

ፎቶው ደረሰኝ። የአባትሽ አገጭ! አላን ከመቃብር ተነስቶ የመጣ መሰለኝ፤ ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው። ፍሪጁ ላይ ለጥፌያታለሁ። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ እላታለሁ።

ዳኛዋን ወደድኳት። እኔ አባትሽን ጣሪያዬን በስድስት ወር ጠግንልኝ ብዬው በስድስት ዓመቱ ነው መዶሻ ይዞ የመጣው፤ እኔ ግን እንደሷ አልታገሥኩትም፤ ስሰድበው ነው የከረምኩት። ስለምጥ የምታስብ ዳኛ አለች ብዬ አላውቅም ነበር። ለቄሱም ነገርኳቸው፤ በጸሎት እናስባት አሉ።

ያዘገየኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሁለት ወር ሙሉ ቆጠርኩ። የኩሽናው ጠረጴዛ በካላንደር ተሸፍኖ ቆሜ ነው የምበላው። የመጣሽበትን፣ የሄድሽበትን፣ በመካከል «የአላን» ያልኩበትን እያንዳንዱን ቀን። አንድ ሺህ ሰማንያ ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ። አንድ ሺህ ሰማንያ ስድስት። ዘጠኝ ጎደለ።

የጎደለውንም አግኝቼዋለሁ። በ2003፣ ከኦገስት 4 እስከ 12፣ የቀኖቹ ሣጥኖች ባዶ ናቸው። ያኔ ትርፍ አንጀቴን ላስወጣ አንቲጎኒሽ ሆስፒታል ገብቼ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። እቤት የለሁም፤ አልጻፍኩም።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ። እርሳስ አነሳሁ። ኦገስት 4 ላይ «የአላን እዚህ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ነበርሽ። ግን በዚያ ቀን በእጄ አልጻፍኩትም፤ ያኔ እንደጻፍኩት አድርጌ መሐላ ልምልበት ነው። ወዲያው ላጲስ አንስቼ ስፍቀው ስፍቀው ወረቀቱ ተቀደደ። አሁን እዚያ ቀን ላይ የጣቴን ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ምን ይዋጠኝ? ላበላሽባት ነው ልጅቷን?

ኤፊ

—

ፔምብሮክ
ጁላይ 27 ቀን 2025

አክስቴ፣ ሆዴ፤

በመጀመሪያ እርሳሱን ያስቀምጡልኝ። ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን ከነቀዳዳው ይላኩት። ምን እንደሆነ በእጅዎ ይጻፉላቸው፤ እንደጻፉልኝ አድርገው። እኔ ሹም ብሆን ይህን የጻፈች ሴት ሌላውን አንድ ሺህ ሰማንያ ስድስት ቀን አትዋሽም ብዬ አምናለሁ። እነዚያ ቤተሰቦች መስቀለኛ ጥያቄ እየተጠየቁ፣ የወሊዳቸውን ገመና ሳይቀር ተናግረው ነው ይህን በር ያስከፈቱት። እኔ በላጲስ አልገባበትም።

ሦስተኛው ነገር ይከብድዎታል፤ ቢሆንም እላለሁ። ያን ዘጠኝ ቀን ያደርኩት ጎረቤትዎ ኬቲ አን ጊሊስ ቤት ነው። ኬቲ አንም ከዚያው ሱቅ ያንኑ ካላንደር ነው የምትወስደው፤ እንደ እርስዎ ስትጽፍበት አይቻታለሁ።

በዚያች የካርታ ጨዋታ ከተኳረፋችሁ ወዲህ እንደማትነጋገሩ አውቃለሁ። እርስዎ ካልቻሉ እኔ ልጻፍላት። ግን የሰው እጅ ሲዘረጋላት እምቢ የምትል ሴት አይደለችም።

ሞራግ መቀመጥ ጀምራለች። ሥራ ፈቃዴ ስምንት ወር ቀረው።

ሮና

—

ማቡ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 2025

ለልጄ፤

ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ አይደለም። ሦስት ሳምንት መንገዱን እያየሁ ነበር። መንገዱ እኮ እስከ ኬቲ አን በር አርባ እርምጃ ነው።

በመጨረሻ ሄድኩ። የአጃ ቂጣ ጋግሬ፣ ሻርፕ አድርጌ አንኳኳሁ። ከፍታ አየችኝና «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም። ካላንደርሽን ፈልጌ ነው።»

«አሥራ ስድስት ዓመት አኩርፈሽ ለካላንደር መጣሽ? ያንቺን ምን በላው?»

«የ2003ን ነው የምፈልገው። ለየአላን።»

«አምስት ቁጥሯን ካርታ አልደበቅኳትም» አለችኝ።

«ደብቀሻታል» አልኳት።

«ግቢ፤ ይበርድሻል» አለችኝ።

ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሞራግ፣ ስለ ዳኛዋ፣ ስለ ቀዳዳውም። ስለ ቀዳዳው ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ «አንቺ ውሸት እንኳ አታውቂበት!» አለችኝ። ከዚያ አልጋ ሥር ተንበርክካ ሣጥን ጎተተች፤ በዚያ ዕድሜዋ! ዘጠኙም ቀን አሉ። «ኦገስት 4። የአላን እኛ ዘንድ አደረች። ሁለት ሳህን የአሳ ሾርባ በላች።» «ኦገስት 9። የአላን ብሉቤሪ ለቀመች፤ ባልዲው ባዶ፣ አፏ ሰማያዊ።» እኔ ስለ አንቺ አንድ ቃል ስጽፍ እሷ ታሪክ ነው የጻፈችው። ቀናሁባት፤ ምን እደብቅሻለሁ።

በማግሥቱ በእሷ መኪና ፖርት ሁድ ሄደን ጠበቃው ፊት ሁለታችንም ማልን። ከዚያ «ለምን በፖስታ ይንከራተታል? ሲድኒ ቅርብ አይደል?» አለች። ሄድን። ካላንደሮቹን በድንች ጆንያ ተሸክመን ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው አስቆመን።

«የማን ልጅ ነህ?» አልኩት። የአዮና ማክኒል ነው፤ አያቱን አውቃታለሁ። በጣም የተባረከ ልጅ ነው። ወንበር አመጣልን፣ ውሃ ሰጠን። ግን «እማማ፣ እዚህ ባለጉዳይ አይገባም፤ ሁሉም በፖስታ ነው የሚመጣው። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያ «እኩል» ያለው ነገር ዳኛዋን አስታወሰኝና ዘጋሁት። ማዶ ካለው ፖስታ ቤት ላክነው።

የኬቲ አንን ገጾች ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንቺን የሚመለከተውን ብቻ አንብቢ። ሌላው አያገባሽም።

አክስትሽ ኤፊ

—

ፔምብሮክ
ኖቬምበር 2 ቀን 2025

አክስቴ ኤፊ፤

የፖስታ ሠራተኞቹ አድማ ደብዳቤዎን ከአንድ ወር በላይ አቆየው። የደረሰኝ ትናንት ነው።

አንብቢ ያሉኝን አነበብኩ። አታንብቢ ያሉኝንም አነበብኩ። «ኦገስት 6። ሐኪሙ ጡቷን አነሳው። ኤፊ ቀኑን ሙሉ አልነቃችም። ለልጅቷ ትርፍ አንጀት ነው አልኳት፤ ኤፊ እንዲህ በይ ብላኛለች።» «ኦገስት 10። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። መቁጠሪያዬን ይዤ አደርኩ።»

ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ ያን ጊዜ ብሉቤሪ እበላ ነበር። እርስዎ ተመልሰው በመጡ በሳምንቱ የእኔን ልብስ በእጅዎ ሲያጥቡ አስታውሳለሁ። ነርስ ነኝ እኮ፤ ስንት እንዲህ ዓይነት ቁስል ጠርጌያለሁ፤ የእርስዎን ግን አላየሁም። ለምን እንዳልነገሩኝ አልጠይቅም። እኔም ያልነገርኩዎ አለ። ብቻ እንዲህ ያለ ሰው አሳድጎኝ አራት ዓመት ዝም ማለቴ አንጀቴን ቆረጠው።

የሞራግን አባት ልንገርዎ። ቤት ያለው፣ ሚስት ያለችው ሰው ነው። አላወቅኩም ነበር። ይኸው ነው። ያፈርኩት እርስዎን ነበር፤ ለዚህ ነው የጠፋሁት።

ኖቬምበር 20 አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። ረቂቁ ሴኔት ገብቷል ይላሉ። ከሲድኒ እስካሁን ምንም የለም። ፈራሁ፣ አክስቴ።

ሮና

—

ማቡ
ኖቬምበር 24 ቀን 2025

ልጄ፣ ሮናዬ፤

ጸደቀ! ሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል፤ ግን እኔም ልንገርሽ፤ ጸደቀ! የቀነ ገደቡ ዕለት፣ እዚያው ቀን ላይ። እኔና ኬቲ አን ሬዲዮውን ከፍተን፣ እሷ በግራ ጆሮዋ እኔ በቀኝ ጆሮዬ ተጋግዘን ሰማን። በማግሥቱ የፓርላማ ተወካያችን ቢሮ የምትሠራዋ ልጅ በትልልቅ ፊደል ጽፋ አስረዳችን። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ይወሰናል፤ ከዚያ ቀን በፊት ለተወለዱት ልጆች የቀን ቆጠራ አያስፈልግም። ሞራግ ያለ አንድ ሺህ ዘጠና አምስቱ ትገባለች። ቆጠራው ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት ነው።

«በይ እንግዲህ፤ ዘጠኙ ቀን አላስፈለገም» አልኳት ኬቲ አንን።

«ታዲያ ልውሰደውና ኩርፊያችንን እንቀጥል?» አለችኝ።

ማን ይቀጥላል! እሑድ እሑድ ካርታ እንጫወታለን። አሁንም ታጭበረብራለች።

ሰባት ወር ሙሉ እነዚያን የፓርላማ ሰዎች ስረግም ነበር። ዛሬ አልረግምም። ተሳስተናል ብለው፣ ሕጋቸውን ሽረው፣ አዲስ ጻፉ። እኔ አንዲት ካርታ ተሳስቼ እንደሆን ለማመን አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሱንም ገና አላመንኩም።

የደረቴን ነገር ያልነገርኩሽ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ስለነበር ነው። በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ። ድኛለሁ። አንቺም ያልሽኝን ሰማሁ። ሚስት ያለው ሰው ያታለለሽ ያፍር፤ አንቺ ምን አድርገሽ? ለእኔ ያለሽው እፍረት ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለምኜሽ አላውቅም። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ደረጃው እየከበደኝ ነው፤ ኢንቨርነስ ያለው ሆስፒታል ነርስ ይፈልጋል። ነይ። ይዘሻት ነይ።

ኤፊ

—

ፔምብሮክ
ማርች 1 ቀን 2026

ለአክስቴ ለኤፊ፤

ሻንጣ እየዘጋሁ ነው የምጽፍልዎ፤ አጭር ብሆን ይቅር ይበሉኝ።

ካላንደሮቹ በሰላም ተመለሱ ያሉኝን ሰማሁ። ቀዳዳው ጎን ላይ ባስቀመጡት ማስታወሻ ላይ ሹሟ በእርሳስ ትንሽ የትክክል ምልክት ብቻ አድርጋ መመለሷ ደስ ብሎኛል። የማን ልጅ እንደሆነች እርስዎ ሳያጣሩ አይቀሩም።

የሞራግ የዜግነት ወረቀት ደርሷል። ሕጉ የጸናው ዲሴምበር 15 ነው፤ ስለዚህ ያ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነበር የጠበቅኩት። አይደለም። ካናዳዊት የሆነችበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ነው። የተወለደችበት ዕለት! ዛሬ ሰጠንሽ አላሏትም፤ ከመጀመሪያዋ ትንፋሽሽ ጀምሮ የእኛ ነበርሽ ነው ያሏት። እኔ ማዋለጃ ክፍል ተኝቼ ይቺን ልጅ የት ልወስዳት ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳለቅስ፣ ለካ ደረቴ ላይ የተኛችው ካናዳዊት ነበረች። ይህን የጻፈውን እጅ ማን ይስመልኝ?

ወረቀቱን አሳየኋት፤ ልትበላው ሞከረች። ከአፏ አስጥዬ ለብ ባለ ካውያ ተኮስኩት።

ፓስፖርቷም ትናንት መጣ። ማርች 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ሃሊፋክስ እናርፋለን። ኬቲ አን ልትቀበለን ስትነዳ እንዳትቸኩል ይንገሯት፤ ፓስፖርት ቁጥጥሩ ጋ ጥቂት እንቆያለን። ሁለታችንም በአንድ ሰልፍ ነው የምንቆመው፤ በዜጎቹ ሰልፍ።

ልጆችዎ
ሮናና ሞራግ ቢተን